ጀርባ ለጨለማው፣ ፊት ለባሕሩ

የአንባቢያን የካሜራ ጥያቄና መልስ፣ ከደሴ

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ ጎን አንድ ፎቶ አውጥተን ነበር። ታናሽ እህቴ ግላስጎው ስለምትኖር እሷን ልጠይቅ በሄድኩበት ጊዜ ስታፋ በምትባል ደሴት፣ ባሕር በገባበት ዋሻ ውስጥ ሆኜ ያነሳሁት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ ስለዚያ ዋሻ ሆነ። የሠርግና የምርቃት ፎቶ ጥያቄ የላካችሁ ታገሱኝ፤ በሚቀጥለው ወር እመለስባችኋለሁ። የዛሬውን ዓምድ ለዋሻው ሰጥቼዋለሁ፤ ከሁሉ ሰፊውን ቦታ ደግሞ ለኮምቦልቻዋ እህታችን።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የባሕር ዋሻውን ፎቶ ከመጽሔቱ ቆርጬ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። እዚሁ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር ነው የምሠራው። ወንድሜ ግላስጎው ይኖራል፤ ለሰኔ ጥሪ ልኮልኝ ቪዛዬም ወጥቶልኛል። ያገለገለ ካሜራ ገዝቻለሁ፤ ያለኝ ሌንስ ከ18 እስከ 55 የሚለው ብቻ ነው። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እዚያ እንዴት ይደረሳል? ገብቼ ፎቶ ማንሳት እችላለሁ? ምን ልያዝ? ፍላሽስ ልግዛ?»

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ያለሽ ካሜራ በቂ ነው። ሌንሱም በቂ ነው። ፍላሽ ግን አትግዢ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ቦታውን ላሳይሽ። ስታፋ ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ ባሕር ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ርዝመቷ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቷ የዚያ ግማሽ ቢሆን ነው። ሰው አይኖርባትም። ሱቅ የለም፣ ሽንት ቤት የለም፣ ከዝናብ የሚጠለሉበት ቤት የለም። ዋሻው በደቡብ ጫፏ ነው፤ የፊንጋል ዋሻ ይሉታል። ወደ ውስጥ 70 ሜትር ያህል ይዘልቃል፤ ከፍታው 20 ሜትር ገደማ ነው። ግራና ቀኙ ቀጥ ብሎ የቆመ የጥቁር ድንጋይ ዓምድ ነው። ወለሉ ራሱ ባሕር ነው። ውሃው ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ከዋሻው አይወጣም።

ከግላስጎው ኦባን ወደምትባል የወደብ ከተማ በባቡር ትሄዳላችሁ፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከኦባን ትልቁ መርከብ መል ወደተባለው ደሴት ያሻግራችኋል፤ አንድ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ አውቶቡስ መልን አቋርጦ ምዕራብ ጫፉ ላይ ፊናፎርት የምትባል ትንሽ መንደር ያደርሳችኋል። የስታፋ ጀልባዎች ከዚያ ይነሳሉ። ከኦባንም በአንድ ቀን አድርሰው የሚመልሱ አሉ። እኔ ግን ፊናፎርት ወይም ፊት ለፊቷ ባለችው አዮና ደሴት ማደርን እመርጣለሁ። ጀልባዎቹ የሚሠሩት በአብዛኛው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው፤ ሰኔ ጥሩ ወቅት ነው።

ማደሩን የምመክርሽ ለምን መሰለሽ? ቀጠሮውን የሚወስነው ባሕሩ ነው። ትኬት ቆርጠሽ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ጀልባው ደሴቷ አጠገብ ደርሶ እንኳን ካፒቴኑ «ዛሬ መውረድ የለም» ሊል ይችላል። ነፋስ ላይኖር ይችላል፤ ግን ከሩቅ የመጣ ማዕበል የመውረጃውን ድንጋይ ይመታዋል። ካፒቴኑ እንዲህ ካለሽ አትከራከሪው፤ ስለሚያውቅ ነው። አንድ ቀን ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ ያ ቀን አለቀ። ሁለት ሌሊት ካለሽ ግን ነገ አለልሽ። ወንድምሽ ከሥራ ፈቃድ ሲጠይቅ ይህን ከግምት ያስገባ። ደግሞም ከመነሳታችሁ በፊት ወደ ዋሻው የሚወስደው መንገድ ክፍት መሆኑን ጀልባዎቹን ጠይቁ። ድንጋይ ሲናድ ወይም ጥገና ሲኖር መንገዱ ሊዘጋ ይችላል።

ጀልባ ላይ ስትወጪ ከኋላ በኩል፣ መሐል አካባቢ ተቀመጪ፤ ከፊት የበለጠ ይዘላል። ዓይንሽን ስልክሽ ላይ አትትከዪ። ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር እያየሽ ሂጂ፤ ማቅለሽለሹን ይቀንሳል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚስማማሽ ከሆነ ከመነሳትሽ በፊት ውሰጂ፤ ከጀመረሽ በኋላ ብዙም አይረዳም። ልብስን በተመለከተ የኮምቦልቻ ሰው መሆንሽ ያሳስበኛል። የደሴን የነሐሴ ብርድ አስቢው፤ ከዚያ ነፋስ ጨምሪበት። ሹራብ፣ ከላዩ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ የጎማ ሶሉ ያላለቀ ጫማ ያስፈልግሻል። ሶሉ የለሰለሰ ሸራ ጫማ አድርገሽ ጥቁር ድንጋይ ላይ ብትወጪ ወዲያው ያንሸራትትሻል።

የመውረጃው ቦታ በደሴቷ ምሥራቅ በኩል ነው። ከዚያ በዓምዶቹ አናት ላይ እየረገጡ በባሕሩ ዳር ወደ ዋሻው ይኬዳል። እያንዳንዱ ዓምድ ከጎኑ ካለው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ስለሆነ እግርሽን እያየሽ ነው የምትራመጂው። መደገፊያ ባለበት ያዢው። ካሜራው አንገትሽ ላይ እየተወዛወዘ እንዳትሄጂ፤ ቦርሳ ውስጥ አስገቢው፣ ሁለት እጅሽ ነፃ ይሁን። የረጠበና ጥቁር ያለ ድንጋይ ካየሽ አትርገጪው። ባሕሩ እዚያ ይደርሳል ማለት ነው፤ በላዩ የበቀለው ነገር ያዳልጣል።

ደሴቷ ላይ የሚሰጥሽ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ዋሻው ይተማል። መንገዱ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ መቆም አለበት። ሰዉ ወደ ዋሻው ሲሄድ አንቺ ደረጃውን ወጥተሽ ሣሩ ላይ ያሉትን ወፎች እዪ። ሰዉ መመለስ ሲጀምር ውረጂ። ግን ሰዓትሽን ያዢ፤ ለዋሻው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቅርልሽ። ጀልባው አይጠብቅም።

አሁን ወደ ፎቶው። ወደ ዋሻው ስትደርሺ በስተ ቀኝ ግድግዳ ሥር የተሰበሩ ዓምዶች የሠሩት መተላለፊያ አለ። ብዙ ሰው እዚያ ቆሞ ካሜራውን ወደ ውስጥ፣ ወደ ጨለማው ይደቅናል። ያ ፎቶ አይወጣም። ጥቁር ድንጋይ በጥቁር ጥላ ውስጥ ነው፤ ካሜራው ጨለማውን ለማብራት ሲታገል ምስሉ ይሻክራል፣ ይንቀጠቀጣል። አንቺ መንገዱ እስከፈቀደልሽ ድረስ ግቢና ዙሪ። ጀርባሽን ለጨለማው ስጪ፤ ፊትሽን ወደ ባሕሩ አድርጊ። ያን ጊዜ ብርሃኑ ሁሉ በዋሻው አፍ ወደ አንቺ ይመጣል። ዓምዶቹን በጎናቸው እየዳበሰ ያልፋል፤ አንዱ ከሌላው ይለያል። ውሃው ላይም ብርሃኑ ይዘረጋል። ከዋሻው አፍ ማዶ፣ በጠራ ቀን፣ አዮና ደሴት ትታያለች። መጽሔቱ ላይ ያየሽው ፎቶ የተነሳው እንዲህ ነው።

ፊትን ወደ ባሕሩ ማድረግ ለፎቶ ብቻም አይደለም። ረጋ ካለው ሞገድ መሐል አንድ ትልቅ ሊመጣ ይችላል። ባሕር አይቶ ለማያውቅ ሰው አጥብቄ የምነግረው ይህንን ነው። ካሜራ ስታስተካክዪም፣ ሌንስ ስትጠርጊም፣ ወንድምሽን ስትጠሪም ለባሕሩ ጀርባሽን አትስጪ።

አሁን ቁጥሮቹ። ሌንስሽን 18 ላይ አድርጊው፤ ሰፊውን እይታ የሚይዘው እሱ ነው። ሮው የሚለውን፣ ካሜራው ያየውን ሳያስተካክል የሚያስቀምጠውን የፋይል ዓይነት ምረጪ፤ ካሜራሽ ካለው የተለመደውን የፎቶ ፋይል፣ ጄፔጉንም አብሮ ይያዝ። ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ ኤፍ 5.6 ላይ፣ ብርሃኑ የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነውን ሻተር 1/60 ሰከንድ ላይ አድርገሽ ጀምሪ። ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነው አይ.ኤስ.ኦ 800 ወይም 1600 ላይ ይሁን፤ ጨለማ ከሆነ ጨምሪ። ከዚያ ያነሳሽውን ተመልከቺ። የዋሻው አፍ ነጭ ወረቀት ሆኖ ከወጣ ብርሃኑ በዝቷልና ቀንሺ። ከጨለማ ውስጥ ዝርዝር በኋላ በኮምፒውተር ማውጣት ይቻላል፤ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ሰማይ ግን ምንም አይወጣም። ስለዚህ ሁልጊዜ ለሰማዩ ለኪ። አንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ አንሺው፦ አንዱን በመደበኛው፣ አንዱን አጨልመሽ፣ አንዱን አብርተሽ።

ካሜራውን ወደ ላይ አታንጋጪው። ስታንጋጭ ዓምዶቹ ወደ መሐል የወደቁ ይመስላሉ። ቀጥ አድርገሽ ያዢው፤ ከላይ ጣሪያው ቢቀርብሽ ይቅር። ጣሪያውን ከፈለግሽ ለብቻው አንሺው፤ የተሰበሩ ዓምዶች ጫፍ ተደርድሮ የሚታይበት ስለሆነ ራሱን የቻለ ሥዕል ነው። ደግሞ ሰው አስገቢ። ወንድምሽ ደማቅ ቀለም ያለው ጃኬት ለብሶ መተላለፊያው ላይ፣ ከአንቺ ራቅ ብሎ ይቁም። ሰው የሌለበት የዚህ ዋሻ ፎቶ ሁለት ሜትር ይሁን 20 ሜትር አይለይም። ትንሽ ቀይ ጃኬት ስትታይ ግን ተመልካቹ ትንፋሹ ይያዛል።

ስለ ትራይፖድ፣ ማለትም ስለ ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ፣ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነና ሰው ስለሚተላለፍ እኔ አልመክርም። ጀርባሽን ከግድግዳው አስደግፊ፣ ክርንሽን ከጎንሽ አጣብቂ፣ ትንፋሽሽን አውጥተሽ ተኩሺ። ፍላሹን አትግዢ ያልኩሽም ለዚህ ነው፦ ብርሃኑ የሚደርሰው ጥቂት ሜትር ነው፤ ዋሻው 70 ሜትር ነው። ፊት ለፊትሽ ያለውን የረጠበ ድንጋይና በአየር ላይ ያለውን የውሃ ነጠብጣብ ያበራና የቀረውን ያጨልምብሻል። በፍላሹ ገንዘብ ሁለተኛ ባትሪ ግዢ።

የሰኔ ሰማይ ቢደምን አትዘኚ። እኔ ለዚህ ዋሻ ደመናን ከፀሐይ አስበልጣለሁ። ፀሐይ ሲሆን ውጭው ያቃጥላል፣ ውስጡ ይጨልማል፤ ካሜራ ሁለቱን አንድ ላይ አይችልም። ደመናው ሁለቱን ያቀራርብልሻል። አንድ ሌላ ነገርም ልብ በዪ። በሰኔ እኛ ጋ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። እዚያ ግን ሁሌም በደቡብ በኩል ናት፤ የዋሻው አፍም ወደ ደቡብ ነው። ፀሐይ የወጣችበት ቀን ከገጠመሽ ብርሃኑ ፊት ለፊትሽ እንደሚሆን አውቀሽ ግቢ። ቀኑም ረጅም ነው፤ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ነው። ከጀልባ ከተመለስሽ በኋላም ባሕሩ ዳር ብዙ ሰዓት ይቀርሻል።

ጨው ከዝናብ የከፋ የካሜራ ጠላት ነው። የባሕር ነጠብጣብ ሌንስ ላይ ሲደርቅ ጨዉ ይቀራል፤ በደረቅ ጨርቅ ካሸሽው መስታወቱን ይቧጭረዋል። መጀመሪያ በአየር መንፊያ አራግፊው፤ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ በቀስታ ጥረጊ፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ። ማታ የካሜራውን አካልም እንዲሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። ባሕር ላይ ሌንስ አትፍቺ። ጀልባ ላይ ካሜራውን በላስቲክ ከረጢት አድርገሽ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጪ። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት የሚስቡ ትናንሽ ከረጢቶች አትጣያቸው፤ ካሜራ ቦርሳሽ ውስጥ ይግቡ።

እስከ ሰኔ ቤትሽ ተለማመጂ። ጠዋት የሳሎኑን መጋረጃ ዝጊ፣ መብራቱን አጥፊ፣ በሩን ብቻ ክፈቺ። ጓዳው በር ላይ ቆመሽ ወደ ደጁ አንሺ። ደጁ ሳይነጣ፣ የበሩ መቃን እንጨት መስመሩ ሳይጠፋ ማውጣት ስትችዪ ዋሻውንም ትችዪዋለሽ። ጎረቤትሽ በሩ ላይ ቆማ ብትረዳሽ ደግሞ ሰው ማስገባቱንም አብረሽ ትለማመጃለሽ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከመውጣትሽ በፊት ካሜራሽን ቪዲዮ ላይ አድርገሽ አንድ ደቂቃ ያለ ወሬ ቅጂ። ሞገዱ ጥልቁ ጋ ደርሶ ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ከሆድ ይገባል። ይህን ፎቶ አይይዘውም።

ጥያቄ፦ «ደሴ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ፎቶው ላይ ያሉት ዓምዶች ስድስት ማዕዘን ናቸው። ሰው ካልጠረባቸው እንዴት ሁሉም እኩል ሊሆኑ ቻሉ? ጓደኞቼ በኮምፒውተር የተሠራ ነው ይላሉ።»

መልስ፦ ጎበዝ፣ በደንብ አይተሃል። በኮምፒውተር የተሠራ አይደለም፤ ሰውም አልጠረበውም። ጥንት፣ ከ55 እስከ 60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በዚያ አካባቢ ከመሬት ውስጥ የቀለጠ ድንጋይ ወጥቶ ተንጣለለ። የቀለጠ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ክረምት አልፎ ቦርከና ዳር ጭቃው ሲደርቅ የሚሰነጠቀውን አይተህ ይሆናል፤ ነገሩ ከዚያ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ የድንጋዩ ስንጥቅ ላይ ላዩን አይቆምም። ቅዝቃዜው ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ስንጥቁም ተከትሎት ይገባል፤ በዚህ ምክንያት ረጅም ዓምድ ይሆናል። ቀስ ብሎ እኩል ሲቀዘቅዝ ስንጥቆቹ ኃይሉን በሚመች መንገድ ይካፈሉታል፤ ብዙውን ጊዜ ስድስት ማዕዘን ይወጣል።

ሁሉም ግን እኩል አይደሉም። ፎቶውን ቀረብ አድርገህ ቁጠር። አምስት ማዕዘን ያለው ታገኛለህ፣ ሰባትም ታገኛለህ። ከዓምዶቹ በላይ ያለው ድንጋይ ደግሞ ቅርጽ የለሽ ነው፤ እሱ የቀዘቀዘው በሌላ ሁኔታ ነው። ዋሻውን የፈለፈለው ባሕሩ ነው። ሞገድ ደካማውን ስንጥቅ ሲመታ፣ ሲመታ አንዱ ዓምድ ይወድቃል፣ ከዚያ ጎረቤቱ። የሰሜን አየርላንድ ባሕር ዳርቻ ላይም ተመሳሳይ ዓምዶች አሉ።

እኛ የቆምንበትም እሳተ ገሞራ የወለደው ድንጋይ ነው። የወሎ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ትኩስ ድንጋይ የተነባበረ ነው፤ በሀገራችን ደጋ ውፍረቱ አንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ በሐረጎ በኩል መንገዱ ተራራውን የቆረጠበትን ቦታ በመስኮት ተመልከት። ጥቁሩ ድንጋይ ንብርብር ሆኖ ይታያል። ጓደኞችህን ይዘህ ሂድና አሳያቸው፤ መኪና ስለሚበዛበት ግን መንገዱ ዳር አትቁሙ።

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ የደሴ መምህር ነኝ። ልጆቼ ኤድንብራ ናቸው፤ በበጋቸው ወስደው ይህን ደሴት ሊያሳዩኝ አስበዋል። ጉልበቴ ግን ደረጃ አይወድም። ካሜራ የለኝም፤ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ይሂዱ እንጂ! ለእርስዎ የምመክረው ግን ከልጅቷ የተለየ ነው። ከጀልባ መውረዱ፣ ደረጃውና የዓምዶቹ መንገድ ለታመመ ጉልበት ከባድ ነው። ላለመውረድ ከወሰኑ ምንም አይቀርብዎትም አልልም፤ ብዙ ያያሉ ግን። ባሕሩ ሲፈቅድ ጀልባዎቹ ዋሻው አፍ አጠገብ ቀስ ብለው ይቆማሉ። ከዚያ ቦታ ዋሻው ሙሉ ቁመቱ ይታያል፤ በእግር የሄደው ሰው ይህን እይታ አያገኘውም። እ.ኤ.አ. በ1772 ጆሴፍ ባንክስ የተባለው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ወደ አይስላንድ ሲያልፍ አይቶ ከጻፈ በኋላ ነው ዓለም ይህን ዋሻ በሰፊው ያወቀው። ንግሥት ቪክቶሪያም እ.ኤ.አ. በ1847 መጥታ ነበር። በእግር አይደለም፤ በጀልባ እየተቀዘፈላት ነው የገባችው። እርስዎም በዚያው ወግ ይመልከቱት። ልጆችዎ ትኬት ሲቆርጡ ስለ ጉልበትዎ ለጀልባው ሰዎች አስቀድመው ይንገሯቸው።

ስልክዎ ይበቃዎታል። ሌንሱን ከመነሳትዎ በፊት ይጥረጉት፤ የጣት ቅባት ካለበት ሰማዩ ጭጋግ ይሆናል። ከጀልባ ሲያነሱ ብሩህ የሆነውን ቦታ በጣትዎ ይንኩ። አጠገቡ የፀሐይ ምልክት ይመጣል፤ ሰማዩ ቀለሙን እስኪያገኝ ወደ ታች ይጎትቱት። በጣትዎ ዘርግተው አያቅርቡ፤ ጥራቱን ያበላሸዋል። ጀልባው ስለሚወዛወዝ ተከታታይ ብዙ ያንሱና ማታ ይምረጡ። ስልኩንም በገመድ አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉት፤ ባሕሩ ከወሰደው አይመልሰውም።

ከኤድንብራ መንገዱ ረጅም ስለሆነ በአንድ ቀን ልመለስ አይበሉ። አዮና ይደሩ። ቅዱስ ኮሉምባ እ.ኤ.አ. በ563 ገዳም የመሠረተባት ደሴት ናት። የሐይቅ እስጢፋኖስን ታሪክ ሲያስተምሩ ለኖሩ ሰው ያቺን ደሴት በዝግታ መዞር ከዋሻው የማያንስ ደስታ ይመስለኛል። ሲመለሱ ፒያሳ ፎቶ ቤቴ ብቅ ይበሉ፤ ፎቶዎቹን እያየን ቡና ጀባ እልዎታለሁ።

ጥያቄ፦ «የራሳችን ስንት ነገር እያለ ስለ ሰው ሀገር ዋሻ ምን አስጨነቀን? ባሕር የሌለን ሰዎች ምን እንለማመድ?» ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጥያቄህ ሁለተኛው ክፍል በጣም ደስ ብሎኛል። የሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። በጠዋት ሂድና ጀልባ ላይ ሆነህ የሐይቁን ዳርቻ አንሳ። ከሚንቀሳቀስ ጀልባ ላይ ሻተር ከ1/500 ካነሰ ምስል እንደሚንቀጠቀጥ፣ ውሃ ሲያንጸባርቅ ፖላራይዘር የሚባለው ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ ምን ያህል እንደሚረዳ፣ አድማሱን ቀጥ አድርጎ መያዝ ምን ያህል እንደሚያስቸግር እዚያው ትማራለህ። ፖላራይዘር ብርሃን እንደሚቀንስ ብቻ አስታውስ፤ ጨለማ ውስጥ አውልቀው።

የጭጋግ ልምምድ ደግሞ በነፃ አለን። ደሴ ብርድ ላይ ያደረን ካሜራ ይዘህ ኮምቦልቻ ወርደህ ወዲያው ብታወጣው ሌንሱ ላብ ያወጣል። ቦርሳው ውስጥ እንደተዘጋ ሙቀቱን እስኪለምድ ጠብቅ። በባሕር ዳርቻም የሚያጋጥመው ይኸው ነው።

የሰው ሀገር ማየቱን በተመለከተ ግን አንስማማም። ያንን ጥቁር ድንጋይ ካየሁ ወዲህ የደሴያችንን የጦሳ ተራራ ገደል የማየው በሌላ ዓይን ነው።

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ የሠርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። አጎቴ ጋ እንግሊዝ ልሄድ ነው። ድሮኔን ስታፋ ይዤ ብሄድ አስነሳዋለሁ?»

መልስ፦ ያለ ፈቃድ አታስነሳ። ደሴቷ ጥብቅ የተፈጥሮ ሥፍራ ናት። እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ አሜሪካዊ ለሚስቱ ልደት ብሎ ገዝቶ ቅርስና ተፈጥሮ ለሚጠብቀው ድርጅት፣ ለናሽናል ትረስት ፎር ስኮትላንድ ሰጣት፤ እስካሁን የሚጠብቃት ይህ ድርጅት ነው። ፈቃድ የሚጠየቀውም ከእሱ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ድረስ ደግሞ ገደሉ አናት ላይ ፓፊን የሚባሉ ወፎች ይራባሉ። መንቁራቸው ብርቱካናማ ነው፣ እግራቸውም እንዲሁ። ጎጇቸውን አፈር ቆፍረው ነው የሚሠሩት። ድሮን ሲመጣባቸው አዳኝ ወፍ የመጣ መስሏቸው ጥለው ይበራሉ።

ከሣሩ ላይ በሆድህ ተኛና ጠብቃቸው። ሰው ባለበት ቅርብ ድረስ መምጣት አይፈሩም። ሌንስህን 200 ላይ አድርገህ፣ ሻተሩን ከ1/1000 በላይ አድርገህ ጠብቅ። ገደሉ ጫፍ አጥር የለውም፤ ጎጇቸው ያለበት አፈርም ከሥር ባዶ ስለሆነ ይናዳል፤ ከጫፉ ራቅ በል። የድሮኑን ባትሪ ቤት ትተህ የካሜራ ባትሪ ጨምር።